ገንፎውን የበላንለት ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤ፣ ጅቡቲ።

እንደምን ሰነበትህ? የባሕሩ ወበቅ እንደምን ይዞሃል? ባለፈው ክረምት ዓይኔን ያመኛል ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና ተሽሎህ እንደ ሆነ አሳውቀኝ። ባለቤትህ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስስ እንደምን ናት? የወገቧ ሕመም ተዋት? ሕፃኑስ እንደምን ነው? ምግብ ይስማማዋል? እዚህ አንኮበር ብርዱ ገብቷል። ገብሱ ውርጭ ሳይመታው ታጭዶ ተከምሯል። ላሚቱ ወልዳለች። የአባታችን ቤት ክዳኑ ታድሶ ክረምቱን ሳያፈስ አልፏል። እኔም ስሙ ይክበርና ቆሜ እሄዳለሁ።

ይህን ሁሉ ያስቀደምሁት ደስ ብሎኝ አይደለም። አባታችን መሪጌታ ወልደተንሣኤ «ሰላምታ ያልቀደመው ነገር እንደ ሌባ ነው፤ በር ሳያንኳኳ ይገባል» ይሉን ስለ ነበር ነው። እነሆ በሩን አንኳኩቻለሁ። እንግዲህ ልግባ።

ነገሩን ከሥሩ እጽፈዋለሁ፤ አንተ የምታውቀውን እንኳ አልዘልልም። ዳዊት ሳስጠናህ አንድ ቃል ከዘለልህ ከመዝሙሩ መጀመሪያ አስጀምርህ ነበር። መዝለል የምትወድ ልጅ ነበርህ። እኔ ስንፍና ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል እል ነበር። ጠባይ መሆኑን አላወቅሁም።

የዛሬ አራት ዓመት በጽጌ ወር «ወለተ ጊዮርጊስ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ በአባታችን ስም ወልደተንሣኤ ብዬዋለሁ» ብለህ ጻፍህልኝ። ከተጋባችሁ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበርና እኔ ተስፋዬን ቆርጬ ነበር። እኔ ልጅ ሳልወልድ ባሌን ቀበርሁ፤ አንተም እንደዚሁ ልትቀር ነው፤ የመሪጌታ ቤት በእኛ ሊዘጋ ነው እል ነበር። በማግሥቱ የገብስ ዱቄት ነፋሁ፣ ቅቤ አነጠርሁ፣ አራስ በሌለችበት ቤት የአራስ ገንፎ አገነፋሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። ሴቶቹ ለወንድ ልጅ የሚገባውን እልልታ ሰባቱንም ሳያጎድሉ አቀለጡት። ከአጥራችን ማዶ ያሉትን ግራዝማች ገብረአብን ታውቃቸዋለህ፤ ገበታው ላይ ሲቀርቡ «አራሷ ወዴት አለች?» አሉ። ጅቡቲ ናት አልኋቸው። «እንግዲያማ መንገዱ ይርቃታል፤ ድርሻዋን እኔ ልብላላት» ብለው የቅቤውን ጕድጓድ ዙሪያውን ጠረጉት። ስንስቅ ዋልን። ሲመሽ ወደ ሚካኤል ሄጄ በአባታችን መቃብር ራስጌ ቆምሁና «ቤትዎ አልተዘጋም» አልኋቸው። ይህን ለሙት ተናገርሁ። ለሙት የተነገረ ቃል እንዴት እንደሚመለስ እስካሁን የሚያስተምረኝ አላገኘሁም።

አምና ከፋሲካ በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣልኝ። ልጁ በሰው አገር ስለ ተወለደ በቆንስሉ ዘንድ በአባቱ በኩል የኢትዮጵያ ሰው ሆኖ ካልተመዘገበ ከዚህም ከዚያም ሳይሆን ይቀራል፣ ትምህርት ቤትም አይቀበለው፣ ወደ አገሩም መግቢያ አያገኝ አልኸኝ። ለዚህም አንተ የአንኮበር ተወላጅ መሆንህን፣ ልጁም ከአብራክህ የተገኘ፣ በወገን የታወቀ መሆኑን ሽማግሌ መስክሮ፣ ዳኛ ጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲላክልህ ለመንኸኝ። «ከአንቺ በቀር ቃሉ የሚታመን ሰው የለኝም» ብለህ ጻፍህ። ይህችን አንዲት ቃል ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳነበብኋት አልነግርህም።

እኔ በዕድሜዬ ምዬ አላውቅም። የደጋውን ማሳ ድንበር ነገር አንተም ታስታውሳለህ። ምለሽ ውሰጂ ሲሉኝ፣ ድንጋዩ የት እንደ ተተከለ በዓይኔ ያየሁ ስሆን፣ መሐላውን ፈርቼ መሬቱን ለባላጋራዬ ለቀቅሁ። አንተ ያን ጊዜ «እኅቴ ሞኝ ናት» ብለህ ለሰው ማውራትህን ሰምቻለሁ። ለመሬት ያልማልሁ ሴት ለልጅህ ልምል ተነሣሁ። ግራዝማች ገብረአብንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዤ ጎረቤላ ወረድሁ።

ዳኛው የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ ነገር የሚያዳምጡ፣ ቃል የማያንዛዙ። አስቀድመው እኔን አስማሉኝ። እጄን አንሥቼ «ሕፃኑ ወልደተንሣኤ ወንድሜ ከሚስቱ የወለደው፣ የአባቴ የልጅ ልጅ ነው፤ ልጁን አውቀዋለሁ፤ ብዋሽ የምቀበለው ቅዱስ ቁርባን ይፍረድብኝ» አልሁ። ቀጥሎ ግራዝማች ቀረቡ። ዳኛው «ልጁን አይተውታል?» አሏቸው። «የለም፣ አላየሁትም» አሉ። «ሲወለድ ነበሩ?» «ኧረ ምን በወጣኝ፣ በዚያ ቃጠሎ አገር!» «ታዲያ የአቶ ዘርአ ዳዊት ልጅ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» ግራዝማች በትራቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና «ጌታዬ፣ ገንፎውን በልቻለሁ» አሉ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ምን ያስቅሃል? ጻፍ» አሉት። ሁለቱም ሽማግሌዎች በተራ ቀርበው እንዲሁ ገንፎውን መብላታቸውን መሰከሩ። እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን ገንፎው የተበላለት ልጅ የታወቀ ልጅ ነው። ያልተወለደ ልጅ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ወረቀቱ ተጻፈ። ደብረ ብርሃን ወጥቶ እስኪታተም ግን ክረምቱ መንገዱን ቆረጠውና እዚያው ጎረቤላ ሰነበተ። ያን ጊዜ ክረምቱን ረግሜው ነበር። አሁን አመሰግነዋለሁ።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ መሊካ መጣች። የፈረጅ ሚስት፣ የአልዩ አምባዋ፣ ጅቡቲ ከደጃፋችሁ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረው። እናቷ ታመውባት ልትጠይቅ ከመጣች በኋላ የወለተ ጊዮርጊስን አደራ ልታደርስልኝ ያንን ዳገት ወጣች። ተምርና አንድ ነጠላ አመጣችልኝ። ባቄላ ቆልቼ አቀረብሁላት፤ ወግ ጀመርን። እኔ ስለ ልጁ እንድትነግረኝ ጓጕቻለሁ፤ እሷም መናገር ትወዳለች። «ያ ልጅ እንዴት ያለ ልጅ መሰለዎት እሜቴ! ምላሱ አያርፍ፣ እግሩ አያርፍ። ወላሂ፣ እናቱ ቀና ብላ ብታየው!» አለችኝ። እኔ ደንግጬ «ወለተ ጊዮርጊስ ምን ሆነች?» አልኋት። «እሷማ ደኅና ናት፤ አልታየችን ነው የምለው። የመዘዞዋን። አላህ ይዘንላት» አለችና ፊቴን ስታይ እጇ ከባቄላው ላይ ቀረ። «ያ ረቢ! ወንድምዎ ለእኅቴ ነግሬአታለሁ፣ መርቃልኛለች ብለውን ነበር እኮ! የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እርስዎ እንዴት አያውቁትም?» አለች።

ልትነሣ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኋት። የጀመርሽውን ጨርሺ፣ እኔ የተጀመረ ነገር ሲቋረጥ አልወድም አልኋት። እያፈረች ጨረሰችው። አልታየች የምትባለው ልጅ ወታደር ባሏን ተከትላ ወደዚያ መውረዷን፣ እሱም ጥሏት መሄዱን፣ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ስትኖር በመርከብ መጥቶ በመርከብ ከሄደ ሰው ማርገዟን ነገረችኝ። በእጄ ተቀብዬዋለሁ አለችኝ፤ እትብቱን የቈረጠችው እሷ ናት። እናቲቱ ልጇን አንድ ጊዜ አቅፋ በዚያው ቀን ዐረፈች። ወለተ ጊዮርጊስ ሕፃኑን በገዛ ነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደችው። «ጡቷ ወተት ባይኖረውም ሌሊቱን ሁሉ ደረቷ ላይ ነበር» አለችኝ መሊካ።

በሚስትህ አላዘንሁም፤ ይህን አንብብላት። በሞተች ሴት ራስጌ የተኛን ሕፃን አንሥቶ ማሳደግ ጽድቅ ነው። አንተም እዚያው ላይ ብትቆም ኖሮ ጻድቅ ነበርህ። አባት የሌለውን ልጅ ማሳደግ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ደንብም አለው። አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት ሕፃኑን ያጠባ ሰው የጡት አባት ይባላል፤ ልጁም ልጁ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። «የጡት ልጅ ይዣለሁ» ብለህ ብትጽፍልኝ ገንፎውን የማላገነፋ መሰለህ? ድስቱን ከጎረቤት ተውሼ እጥፍ አድርጌ አገነፋው ነበር። ግራዝማችም ያንኑ ቅቤ ይበሉት ነበር። አንተ ግን እውነቱን ለመሊካ፣ ለፈረጅ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረህ፣ ውሸቱን ለእኔ ብቻ አስቀረህልኝ። ቃሉ የሚታመን ሰው የለኝም ያልኸኝ፣ ውሸትህን የሚያሳምንልህ ሰው ስትፈልግ ኖሯል።

መሊካ ከሄደች በኋላ እህል ሳልቀምስ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ኃይለ ገብርኤል ሄድሁ። ይቈጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቈጡኝም፤ ቢቈጡኝ ይቀለኝ ነበር። «ሳያውቅ የማለ ይማራል። አውቆ ዝም ያለ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይምላል። ቃልሽን እስክታቃኚ ድረስ ከቁርባን ተከልከዪ» አሉኝ። ከዚያ ስወጣ ጠሩኝና «ያቺ ሟች እናት የላትም?» አሉኝ። ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር። ስለ መሐላዬ፣ ስለ አባታችን ስም፣ ስለ ቤታችን ብቻ ሳብሰለስል ነበር። እናት ይኖራት እንደ ሆነ ሄጄ አያለሁ አልኋቸው።

እስከ ደብረ ብርሃን በበቅሎ፣ ከዚያ በደሴው መኪና፣ ከዚያ ደግሞ በበቅሎ ተጕዤ መዘዞ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ መኪና ላይ ወጥቼ እንደ ገብስ ከረጢት ስነጥር ማን እንዳደረሰኝ እያሰብሁ ነበር። የአልታየችን እናት ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ወይዘሮ ባፈና ይባላሉ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጕር ይፈትላሉ። ማን ልበል አሉኝ። የአንኮበሩ የመሪጌታ ወልደተንሣኤ ልጅ፣ ጅቡቲ ያለው የዘርአ ዳዊት እኅት ነኝ ስላቸው ምን እንዳሉኝ ስማ። ተነሥተው አቀፉኝ። «የልጄን መርዶ የላከልኝ እሱ ነው እኮ! በሰው አገር ሞታ ማን ያስታውሰኝ ነበር? እግዚአብሔር በልጅ ይካሰው!» ብለው መረቁህ። በልጅ ይካሰው አሉ፣ ወንድሜ። ቆሜ አሜን ማለት አቃተኝ።

በንዳድ ሞተች ብለህ ልከህ ኖሯል። እሳቸውም መልእክተኛውን «ፍሬ አልተወችልኝም ወይ? እግርህን ስሜ፣ ስትመለስ ይህን ብቻ ጠይቅልኝ» ብለው ላኩት። በዓመቱ ተመልሶ «አቶ ዘርአ ዳዊት የለም ብለዋል» አላቸው። እስከዚህ ድረስ ልቤ ለአንተ ምክንያት ይፈልግ ነበር። ሚስቱን ከሐሜት ሊሸፍን ነው፣ ቆንስሉ የጡት ልጅ አይጽፍልኝም ብሎ ፈርቶ ነው፣ ልጁን ከሰው አፍ ሊያድን ነው እል ነበር። እዚያ ደጃፍ ላይ ግን ምክንያቱ ሁሉ አለቀብኝ። አንዲት እናት ጠየቀችህ፤ ልጁ ከኋላህ እየዳኸ «የለም» አልህ። አያት ያለው ልጅ ይለመናል እንጂ አይወሰድም። መለመን አስፈርቶህ ነው። አንድ ቀን አምጡልኝ ትላለች ብለህ ፈርተህ ሴቲቱን በሕይወት ሳለች መካን አደረግሃት።

ነገርኋቸው። እንዝርቱ በእጃቸው መዞሩን አላቆመም፤ ክሩ ሲበጠስ ነው ያወቅሁት መስማታቸውን። «ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ። ወንድ ነው አልሁ። «ስሙስ?» ነገርኋቸው። አላለቀሱም፤ ወደ ጓሮ ዞረው በታላቅ ድምፅ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። የመዘዞ ሴቶች ሰው ሞተ ብለው ራሳቸውን ይዘው ሮጠው መጡ። «አልታየች ወልዳለች! ድስት ጣዱ!» አሏቸው። አንዷ ይህች ሴትዮ አበደች ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ነገሩን ተናገርሁ። እልልታውና ልቅሶው ተደባለቀ፤ አንዲቱ ጕንጯን እየነጨች እልል ስትል በዓይኔ አየሁ። አራት ዓመት የዘገየ ገንፎ ተገነፋ። አንድ ሽማግሌ ግን ከበር ቆመው «ይህን ሁሉ ዘመን ሲደብቀው የኖረው ሰው ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ ነው አልሁ። «አንቺስ?» አሉኝ። የመሪጌታ ወልደተንሣኤ ልጅ በሰው ደጅ አንገቷን ደፍታ ስትቆም ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወይዘሮ ባፈና፣ እኒያው ሽማግሌና አንድ ዘመዳቸው ከእኔ ጋር ወደ ጎረቤላ መጡ። የእኛዎቹንም ምስክሮች አስጠራሁ። በሕዝብ ፊት እንደገና እጄን አንሥቼ፣ ቀድሞ የማልሁት ሐሰት ነበር፤ ሳላውቅ ነው፤ ያሳሳተኝ ወንድሜ ነው አልሁ። ስምህን ከነአባትህ ስም ጠራሁ። እዚያ ከነበረው ሰው እኩሌታው አባታችን ዳዊት ያስጠኗቸው ሰዎች ናቸው፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ዳኛው ምስክሮቹን «እንግዲህ ያንን ገንፎ ምን ልናደርገው ነው?» አሏቸው። ግራዝማች ገብረአብ ተነሥተው «እኔ የበላሁትን አልተፋም ጌታዬ። ልጁ የአገራችን ነው አልሁ፤ የመዘዞ ሰው ያገራችን ሰው አይደለም? ገንፎው እውነት ነው። የዋሸው ላኪው ነው» አሉ። በዚያ ጭንቀት መካከል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነታቸውን ግን ነበር።

ዳኛው ያሉትን ልብ ብለህ አንብበው። «ሕጉ ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አልታየች የመዘዞ ልጅ ናት። እናትነቷን ያዋለደችው ሴት ትመሰክራለች፤ ዘሯን እነዚህ ይመሰክራሉ። ይህ ልጅ ከመጀመሪያው በእናቱ በኩል ሊጻፍ የሚችል ነበር» አሉ። ሰማህ? ለልጁ ዜግነት ውሸትህ አላስፈለገውም። እናቱ ሞታም አገሯን ልታወርሰው ትችል ነበር። አንተ ነህ የከለከልሃት።

መሊካ ከአልዩ አምባ መጥታ በሃይማኖቷ ምላ መሰከረች። የቀድሞው ወረቀት ተሠርዞ አዲስ ተጻፈ። ልጁ የአልታየች ልጅ፣ የወይዘሮ ባፈና የልጅ ልጅ ተባለ። አንተ አሳዳጊ ተብለሃል እንጂ አባት አልተባልህም። ዳኛው ስለ ስሙ ሲጠይቁ ወይዘሮ ባፈና «ወልደተንሣኤ የሚለው ይቅርለት፤ ልጁ ለምዶታል፤ ያወጣለትም ሰው በክፋት አላወጣለትም። በአባቱ ስም ፈንታ ግን የባሌ የወልደ ሰንበት ስም ይግባ» አሉ። እንግዲህ ወልደተንሣኤ ወልደ ሰንበት ነው። ጸሐፊው ስምህ ላይ መስመር ሲያሰምር ከጎኑ ቆሜ አይቼዋለሁ። መስመሩ ጠማማ ነበርና አስተካክለህ አስምር አልሁት።

የጡት አባትነቱን ነገር እኔ ጠየቅሁልህ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ልጁ አባባ ማለት የለመደው አንተን ስለ ሆነ ነው። ወይዘሮ ባፈና እንዲህ አሉ፦ «ልጁን ይዞ ይምጣ። እፊቴ ቆሞ ይለምነኝ። እሰጠው ወይም እከለክለው እንደ ሆነ ያን ጊዜ እኔም አውቃለሁ።» ከዚህ ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልለመንሁም። ወረቀቱ ደብረ ብርሃን ታትሞ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመሊካ እጅ ይደርስሃል። ለቆንስሉ የምትሰጠው አንተ ነህ። ስትሰጥ እንድታይም ለመሊካ ነግሬአታለሁ። ልጁ በዚህ ከተመዘገበ በኋላ ለመምጣት የሚያግዳችሁ ነገር የለም፤ እንግዲህ የማትመጣ ከሆነ መንገድ አጥተህ አይደለም።

ሰው ቢያታልለኝ ኖሮ ሰው ነው እል ነበር። አንተ ግን እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ነህ። ከሰው ሁሉ መርጠህ እኔን ያታለልኸኝ ጠልተኸኝ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። አምነኸኝ ነው። እኅቴ አትመረምረኝም ብለህ በፍቅሬ ላይ ተማምነህ ነው። ዳኛው አንድ ቀን ቢጠረጥሩ እኔ እንደማልጠረጥር ታውቅ ነበር። እኔም እንደዚያው ነበርሁ። አሁን አይደለሁም። ከእንግዲህ ጤና ነኝ ብለህ ብትጽፍልኝ እንኳ ከጅቡቲ የሚመጣ ሰው እጠይቃለሁ። ያደረግህብኝ ይህን ነው።

ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። የላከችልኝን ነጠላ አልለበስሁትም፤ ለሚገባቸው ለወይዘሮ ባፈና ሰጥቼዋለሁና ደስ ይበላት። ለፈረጅ ሰላምታዬን አቅርብ፤ ሚስቱ ሐቀኛ ሴት መሆኗን ንገረው። አባ ኃይለ ገብርኤል «ይፍታህ» ብለዋል፤ እኔ ቀኖናዬን እየፈጸምሁ ነው። ግራዝማች ገብረአብ ሰላም ብለውሃል፤ «ሲመጣ ሦስተኛ ገንፎ እንዳለብን ንገሪው» ብለዋል፤ እሳቸው ይቀልዳሉ እንጂ እኔ እንደማላገነፋ እወቅ። ሕፃኑን ሁለት ጕንጩን ሳምልኝ። ከመዘዞ አያትህ ሰላም ትልሃለች በለው፤ ይህን ቃል ሳትዘልል፣ እንደጻፍሁት ንገረው።

ወይዘሮ ባፈናም አንድ ነገር ጠይቀውሃል። ከጎረቤላ ስንለያይ በቅሎዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ልጓሙን ይዘው «ግራኝ ነው ወይ? አልታየች ግራኝ ነበረች። ከሆነ እንዳትመቱት» አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። ልጁን አውቀዋለሁ ብዬ በቁርባኔ የማልሁ ሴት፣ በየትኛው እጁ እንደሚበላ አላውቅም ብዬ በበቅሎ ላይ ተቀምጬ መለስሁ። ይህን ጻፍልኝ። ሌላ ነገር አሁን አትጻፍልኝ።

እኅትህ አመተ ማርያም ወልደተንሣኤ

አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፮ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.